ትዕግሥትን በገመድ የሳብንበት ቀን

ጀልባዋን የገዛኋት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከድልድይ ጋር አጋጨኋት።

ክሊፎርድ ፓጄት እባላለሁ፤ ክሩ ከተማ ውስጥ የጫማ መደብር አለኝ። ነገሩ የሆነው በ1989 ግንቦት ላይ ነው። ያኔ አርባ አራት ዓመቴ ነበር፤ እስከዚያ ዕለት ድረስ ከገላ መታጠቢያ ገንዳ የሰፋ ውሃ ላይ ተንሳፍፌ አላውቅም። ታዲያ ምን ቆርጦህ ጀልባ ገዛህ ብትሉኝ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ለሥራ ናንትዊች ሄጄ ምሳዬን ጀልባ የሚሄድበት ቦይ ዳር ቁጭ ብዬ ስበላ፣ ፊት ለፊቴ አንዲት አረንጓዴ ቀጭን ጀልባ ታስራ ቆማለች። ርዝመቷ አሥራ አራት ሜትር፣ ወርዷ ሁለት ሜትር፤ የአንድን ቤት ኮሪደር ነቅለው ውሃ ላይ ያስቀመጡት ነው የምትመስለው። ጎኗ ላይ በቀይ ቀለም «ትዕግሥት» ተብሎ ስሟ ተጽፏል። መስኮቷ ላይ ደግሞ «ትሸጣለች» የሚል ካርቶን ተለጥፏል። ሳንድዊቼን ሳልጨርስ በሯን አንኳኳሁ።

የሸጡልኝ ሽማግሌ፣ ሚስተር ሆጅኪስ፣ የሩብ ሰዓት ትምህርት ሰጡኝ።

«ወደ ግራ መሄድ ስትፈልግ የመሪውን ዘንግ ወደ ቀኝ ትገፋለህ። ወደ ቀኝ ስትፈልግ ወደ ግራ።»

«መቆም ስፈልግስ?»

«አስቀድመህ ፈልግ» አሉኝ። ከዚያ ቁልፉን እጄ ላይ ጣል አድርገው፣ ሐሳቤን እንዳልቀይር ነው መሰለኝ፣ ፈጠን ፈጠን እያሉ ሄዱ።

ማታ ለባለቤቴ ለሮዝ ስነግራት መጀመሪያ አፈጠጠችብኝ። ከዚያ ሳቅ ጀመራት። ሮዝ ሳቅ ሲበዛባት ስቅታ ይይዛታል፤ እራቷን በስቅታ ነው የጨረሰችው።

«የት ነው የምናቆማት?»

«ማርኬት ድሬይተን ከተማ ማቆሚያ ቦታ ተከራይቻለሁ። ራሳችን ነን የምንወስዳት።»

«በመኪና ግማሽ ሰዓት ነው እኮ!»

«በጀልባ ሦስት ቀን።»

«በእግሬ ብሄድ እቀድምሃለሁ!»

«ትቀድሚኛለሽ፤ ግን ሻይ እየጠጣሽ አትሄጂም» አልኳት። ስቅታው እንደገና ተነሣባት።

አማቴ እማማ ኬይ ከእኛ ጋር ነበር የሚኖሩት። ሰባ ዓመታቸው ነው፤ ቀጥ ያሉ፣ ጓንትና ባርኔጣ ሳያደርጉ ደጅ የማይወጡ ሴት። ባላቸው ዊልፍ ክሩ ባቡር ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ነበሩ፤ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሰው ጋዜጣ እንደሚያነብ እማማ ኬይ የባቡር የጊዜ ሰሌዳ ነው የሚያነቡት፤ ሌላ መጽሐፍ ሲይዙ አይቼ አላውቅም። ውሃ አይወዱም። ሮዝ ልጅ ሳለች ቦዩ አጠገብ ድርሽ ካለች ጉድ ይፈላ ነበር። ስለዚህ ጎረቤት እንደሚቆዩ ነበር ያሰብነው። ዓርብ በማለዳ ሻንጣችንን ይዘን ልንወጣ ስንል ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ የእጅ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው በሩ ላይ ቆመው አገኘናቸው።

«እማዬ፣ ወዴት ነው?»

«ከናንተ ጋር ነዋ።»

«ውሃ አልወድም ትዪ የለ?»

«አልወድም። ግን ሰው የገደላችሁ እንደሆነ ምስክር ያስፈልጋል» አሉ።

ናንትዊች ስንደርስ የወጥ ቤት ወንበር ጀልባዋ አፍንጫ ላይ አስቀመጥንላቸው። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ጳጳስ መስለው ተቀመጡ። ሮዝ ገመዱን ፈታች፣ ሞተሩን አስነሣሁት፣ ትዕግሥት ዱክ ዱክ ዱክ እያለች ተንቀሳቀሰች። ልቤ ዘለለ! ንጉሥ የሆንኩ መሰለኝ። ንግሥናዬ አርባ ሜትር ያህል ቆየ።

ከፊታችን የታሰሩ ጀልባዎች ነበሩ። ከእነሱ ለመራቅ ወደ ግራ ማለት ነበረብኝ፤ እኔም ዘንጉን ወደ ግራ ገፋሁት። ትዕግሥት ቀጥ ብላ ወደ ጀልባዎቹ ሄደች። የመጀመሪያዋን ጎኗን ላስናት፤ ከውስጥ ሰሃን ተንኮሻኮሸ። አንድ ሰውዬ ግማሽ ፊቱ የመላጫ አረፋ እንደሆነ ብቅ አለ።

«ደህና አደሩ!» አልኩት፤ ሌላ ምን ይባላል?

«አንተ ሰውዬ፣ ወደ ቀኝ! ወደ ቀኝ!»

ወደ ቀኝ ገፋሁ፤ ትክክል ነበር፤ ግን አብዝቼው ኖሮ አሁን ደግሞ ሌላኛው ዳር መጣብን። አንድ ዓሣ አጥማጅ የማጥመጃ ዘንጉን፣ ወንበሩንና ትሉን ሰብስቦ ሸሸ። ሮዝ ጣሪያው ላይ በደረቷ ተኝታ ትስቃለች፤ እንባዋ ይወርዳል። ከዚያ ድልድዩ መጣ። ሞተሩን ወደ ኋላ አስገባሁት፤ ጀልባዋ ግን «ቆይ፣ ይህን ድልድይ ሳልስም አልመለስም» ያለች ይመስል ሄዳ ተላተመች። ማሰሮው ከምድጃው ላይ ወረደ።

እማማ ኬይ ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። ባርኔጣቸው ብቻ ወደ ጆሯቸው አዘመመ። የድልድዩ ማዕዘን አጠገባቸው ነበር፤ ድንጋዩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ጥልቅ ጥልቅ ተደርጎ ተቦርብሯል። ወደ ፊት ሄጄ «ይቅርታ እማማ፣ ተጎዱ እንዴ?» ስላቸው፣ አንድ እጃቸውን ከጓንት አውጥተው ጣቶቻቸውን ቡርቡሩ ውስጥ እያስገቡ ነው።

«ምን ይሆን እንዲህ የበላው?» አልኳቸው።

«ገመድ። ጀልባ ይስቡ የነበሩ ፈረሶች ገመድ። መቶ ሃምሳ ዓመት እዚሁ ማዕዘን ላይ ሲታሽ» አሉና ጓንታቸውን መልሰው አጠለቁ።

የሆነ ቦታ አንብበውት ይሆናል ብዬ ተውኩት። ከባቡር የጊዜ ሰሌዳ ሌላ እንደማያነቡ ያኔ ትዝ አላለኝም።

ወደ ቀትር ላይ ሃክ ግሪን ደረስን፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የውሃ በሮች እዚያ ናቸው። ጀልባ ዳገት የሚወጣው በነዚህ ነው። ከታች በር፣ ከላይ በር ያለው ጠባብ የድንጋይ ጉድጓድ ነው፤ በየበሩ ሥር ደግሞ ውሃ የሚያሳልፍ ትንሽ መዝጊያ አለ፤ ከታች ትገባለህ፣ በሩን ከኋላህ ትዘጋለህ፣ በብረት እጀታ እያዞርክ የላይኛውን መዝጊያ ከፍተህ ውሃ ትለቃለህ፣ ጉድጓዱ ሲሞላ ጀልባህ ከፍ ትላለች። በወረቀት ላይ ሕፃን ይሠራዋል።

ገባን። ዘጋን። ሮዝ የላይኛውን መዝጊያ ከፈተች፤ ውሃው እያገሳ ገባ። ጠበቅን። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ። ውሃው እንደ ጉድ ይገባል፣ ጀልባዋ ግን ከተቀመጠችበት ስንዝር አልተነሣችም። ሮዝ ከላይ ጎንበስ ብላ ታየኛለች፣ እኔ ከጉድጓዱ ውስጥ አንጋጥጬ አያታለሁ።

«ከብዳ ይሆን?» አለች።

«ሻንጣሽን ምን ሞልተሽው ነው?»

«የኔ ሻንጣ ነው ወይስ ያንተ ሆድ?»

ከወንበሩ ላይ ድምፅ መጣ። «የታችኛውን መዝጊያ ዝጉታ! ከላይ ታስገባላችሁ፣ ከታች ታፈሳላችሁ። የቦዩን ውሃ በሙሉ ወደ ናንትዊች ልትልኩት ነው?»

ሮዝ ሮጣ ስታየው እውነትም የታችኛው መዝጊያ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዘጋችው፤ ትዕግሥት ወዲያው ሽቅብ መውጣት ጀመረች።

«እማዬ፣ እንዴት አወቅሽ?»

«ዓይን የለኝም?» አሉ።

ምሽቱን ኦድለም መንደር ሥር አቆምን። ካስማ መታሁ፣ ገመዱን አሰርኩ፤ በራሴ ኮርቼ የአሳማ ሥጋ ጥቅልል ልበላ ገባሁ። ሮዝ ድስት ልታጥብ ወጥታ ስትመለስ ፊቷ ተለዋውጧል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ክሊፍ፣ እማዬ ያንተን ቋጠሮ ፈትታ እንደገና አሰረችው» አለችኝ።

«እና?»

«በአንድ እጇ ነዋ! በሌላኛው ቦርሳዋን ይዛለች። ወደ ገመዱ እንኳ አላየችም።»

ኦድለም ላይ አሥራ አምስት የውሃ በሮች አሉ፤ አንዱ ካንዱ ላይ እንደ ደረጃ እየተከታተሉ ኮረብታውን ይወጣሉ። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ፍንትው ብሎ፣ በየአጥሩ ያለው እሾህ ነጭ አበባ አብቦ፣ እኛም አሁንስ ገብቶናል እያልን ጀመርን። አንደኛውን አለፍን። ሁለተኛውንም አለፍን። እንዲያውም ከኋላችን በሚያብረቀርቅ ጀልባ የመጣ ሚስተር ኦግደን የሚባል ሰውዬ፣ የካፒቴን ቆብ አድርጎ፣ «አይከፋም» አለን። ይህ ሙገሳ ነው ያጠፋኝ። ሦስተኛው በር መጠጥ ቤት ደጃፍ ላይ ነው፤ ደጁ ላይ ሰዎች ብርጭቆ ይዘው ተቀምጠዋል። እንዲያዩኝ ፈለግሁ። ደረቴን ነፍቼ፣ ከኋላ ያለውን ገመድ በወጉ ሳልጠቀልል ከበሩ ልወጣ ነዳጅ ሰጠኋት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ገመዱ ተንሸራቶ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ከሥር የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ለቅሞ ጠመጠመው። ሞተሩ አንዴ ጮኸና ጸጥ አለ።

በኋላ በኩል ወደ ፕሮፔለሩ የምትወስድ ቀዳዳ አለች። በደረቴ ተኝቼ እጄን እስከ ትከሻዬ ከተትኩ፤ ውሃው አጥንት ይበላል። ገመዱ እንደ ብረት ጠንክሮ ተጠምጥሟል። ሮዝ የዳቦ ቢላዋ አመጣችልኝ። ሁለቴ ገዝገዝ አድርጌ ቢላዋው ካጄ አምልጦ ሰመጠ። የሥጋውን ቢላዋ አመጣች። እሱም ወንድሙን ተከተለ።

«ማንኪያ ላምጣልህ?» አለች ሮዝ፤ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ይዛለች።

«ሰዎች!» አለ ሚስተር ኦግደን ከኋላ፣ «እኔ እኮ ለምሳ ላይኛው ጫፍ ላይ ቀጠሮ አለኝ!» ከእሱ ኋላ ሌላ ጀልባ ደረሰ። ከዚያ ሌላ። ከመጠጥ ቤቱ ደጅ ምክር መዝነብ ጀመረ፤ ሁሉም የየራሱ መላ አለው፣ አንድም ሰው ግን ከወንበሩ አልተነሣም። እኔ ክንዴ ጥቁር ቅባት ሆኖ፣ አንገቴ ድረስ ያፈርኩ፣ መሬት ብትከፈት የምገባ ሆኛለሁ።

ያኔ እማማ ኬይ ከወንበራቸው ተነሡ።

ባርኔጣቸውን አወለቁና ወንበሩ ላይ አስቀመጡ። ጓንቶቻቸውን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ጫማቸውን አወለቁ። ከዚያ የቀሚሳቸውን ጫፍ ሰብስበው ወገባቸው ላይ ሸጎጡት፤ ሮዝ የእናቷን ጉልበት ስታይ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም።

«ሮዛሊንድ» አሉ ሮዝን በሙሉ ስሟ ጠርተው፣ «ረጅሙን ገመድ አምጪ። ክሊፎርድ፣ ውጣና መንገዱ ላይ ቁም።»

«ምን ልናደርግ ነው እማማ?»

«ልትስባት ነው።»

«እኔ? ጀልባ? አሥራ አራት ሜትር ብረት?»

«ውሃ ላይ ያለች ነገር አትከብድም፤ አነሣሷ ብቻ ነው ከባድ። ቀስ ብለህ ትጀምራለህ፣ ከጀመርክ አታቆምም። ዱክ የሚባል በቅሎ ነበረን፤ ሃያ አምስት ቶን ከሰል እየጎተተ ሣር ይግጥ ነበር። ካንተ ያጠረ በቅሎ ነው።»

ሮዝ ገመዱን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። «ነበረን? እነማን ነበራችሁ?»

እማማ ኬይ የመሪውን ዘንግ ያዙ። መዳፋቸው ዘንጉን ሲያገኘው ትከሻቸው ሲለሰልስ አየሁ።

«እኔ፣ አባቴ፣ እናቴ፣ ስድስት ወንድምና እኅቶቼ» አሉ። «የተወለድኩት እዚሁ ቦይ ላይ ነው፤ እላይ፣ ዘጠነኛው በር ውስጥ። ስሜም ኬይ አይደለም። ኬዛያ ነው። በይ አሁን ገመዱን እሰሪ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»

ሮዝ ገመዱን አሰረች። «ኬዛያ… ኬዛያ…» ትላለች፤ ስቅታ ያዛት።

ገመዱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ሳብኩ። ምንም። ጫማዬ ጭቃው ላይ እየተንሸራተተ እንደገና ሳብኩ። ምንም። «ጎንበስ በል!» አሉ አማቴ። ጎንበስ አልኩ። «አትጎትት፣ ተደገፍበት!» ተደገፍኩ። ትዕግሥት እንደ ሰነፍ ላም ተነቃንቃ ተንቀሳቀሰች። «ና ዱክ! ና የኔ ጌታ!» ብለው ጮኹ፤ መጠጥ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እውነት ለመናገር፣ እንደዚያ ሲሉኝ ደስ አለኝ።

ከበሩ ስንወጣ ግን ልቤ አፌ ላይ ደርሷል። አሥራ ሁለት በሮች ይቀሩናል። ቁጭ ልል ስል ከመጠጥ ቤቱ ወንበሮች አንድ ግዙፍ ሴት ብድግ አሉ፤ ፊታቸው ቀይ፣ ክንዳቸው የእንጨት ፈላጭ ክንድ።

«ወይዘሪት ግዌንዳ ሞስ እባላለሁ» አሉ። «እነዚህ የቤተ ክርስቲያናችን ደወል ደዋዮች ናቸው፤ ስምንት ነን፣ ለሽርሽር ወጥተን ነው። ገመድ መሳብ እናውቃለን። ትንሽ ብንረዳችሁ ቅር ይላችኋል?»

«ቅር?» አልኩና ገመዱን አቀበልኳቸው።

ስምንቱ ገመዱ ላይ ተሰለፉ፤ አንድ ቄስ የሚመስሉ ሽማግሌ፣ ሁለት መንትያ እኅትማማቾች፣ አንድ ሥጋ ሻጭ፣ ሌሎችም። ወይዘሪት ሞስ ከፊት ቆመው ደወል ሲያስጀምሩ እንደሚሉት «ተዘጋጁ… ልትሄድ ነው… ሄደች!» አሉ። ሄደችም! ትዕግሥት እንደዚያ ሄዳ አታውቅም፤ በሞተርም። ደዋዮቹ ከአንድ እስከ ስምንት እየቆጠሩ፣ በየተራ እየረገጡ፣ አንድ ላይ ይራመዳሉ። እኔና ሮዝ ወደ ፊት እየሮጥን በሮቹን እናዘጋጃለን፤ እማማ ኬዛያ በባዶ እግራቸው ከኋላ ቆመው፣ ዘንጉን በዳሌያቸው ብቻ ገፋ መለስ እያደረጉ፣ ከግራም ከቀኝም ድንጋዩ ሳይነካት ጠባቡ በር ውስጥ ያስገቧታል። መቆም ሲያስፈልግ ገመዱን ከዳር ባለው የብረት ምሰሶ ላይ አንዴ ሁለቴ ጠቅለል፣ ለቀቅ፣ ያዝ፤ ጀልባዋ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ትቆማለች።

«ይቺ ሴትዮ ማናት?» አለኝ ሚስተር ኦግደን፤ የራሱን ጀልባ ለሚስቱ ትቶ በር ሊከፍትልን መጥቶ ኖሯል።

«አማቴ ናት» አልኩት። አንቱታው ከአፌ የጠፋው ከኩራት ብዛት ነው።

ዘጠነኛው በር ስንደርስ ወይዘሪት ሞስ ሰዎቻቸውን አሳረፉ፤ መንትዮቹ ከመጠጥ ቤቱ ያመጡትን ቢራ አደሉ። ሮዝ መዝጊያውን ቀስ አድርጋ ከፈተች። እናቷ ከጉድጓዱ ሥር ቆመዋል፤ እርጥቡ ድንጋይ በሁለት በኩል ከብቧቸዋል፣ ከላይ ሰማይ። ጀልባዋ በቀስታ ከፍ ማለት ስትጀምር እጃቸውን ዘርግተው ግድግዳውን እየዳሰሱ ወጡ።

«አባቴ አዋላጅ ፍለጋ መንደር ሮጦ ነበር» አሉ። ድምፃቸው ከጉድጓዱ እያስተጋባ ሁላችንም እንሰማለን። «እናቴ ደግሞ ከኋላ ሌላ ጀልባ እየጠበቀ ስለሆነ በሩ ውስጥ መቆየት አልቻለችም። ታላቅ እኅቴ ውሃውን ለቀቀችው። ጀልባዋ ስትገባ ሰባት ነበሩ፤ ስትወጣ ስምንት ሆኑ። አባቴ አዋላጇን ይዞ ሲደርስ ጀልባዋ የለችም፤ ሁለት በር ቀድመነዋል።»

ደዋዮቹ ከልባቸው ሳቁ። ሮዝ ግን በሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ እናቷ እስከ እሷ ቁመት ሲደርሱ ጠብቃ፣ አቀፈቻቸው።

«ለምንድን ነው ያልነገርሽኝ እማዬ? አርባ ዓመት!»

«የቦይ አይጦች ይሉን ነበር፣ ልጄ። ድልድይ ላይ ቆመው ድንጋይ ይወረውሩብን ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ከሳምንት በላይ አንድ ቦታ ቆመን አናውቅማ። እስከ ሃያ ሁለት ዓመቴ ድረስ ስሜን መጻፍ አልችልም ነበር። አባትሽ ነው ማንበብ ያስተማረኝ፤ ቤቱ ውስጥ የነበረው የባቡር ሰሌዳ ብቻ ስለሆነ በእሱ። ለእናቱ የገበሬ ልጅ ናት ብሎ ነው ያገባኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት ይነገራል? ዛሬ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ፣ አንቺ አደግሽ።»

«አንድ ጊዜ ቦዩ ጋ ብሄድ በጥፊ መታሽኝ!»

«ውሃውን እንደኔ ወደድሽው ብዬ ነዋ የፈራሁት!»

ሁለቱም መሳቅ ጀመሩ። እማማ ኬዛያ ጥርሳቸው እስኪታይ ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው ያኔ ነው። እናትየውም ስቅታ አላቸው ለካ! አንዷ «ሕቅ» ስትል ሌላዋ ትመልሳለች፤ ወይዘሪት ሞስ «እነዚህ ሁለቱ ተራቸውን ጠብቀው ነው የሚደውሉት» አሉ።

ላይኛው ጫፍ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ደዋዮቹ መዳፋቸው ቀልቶ፣ ላባቸው ተንጠፍጥፎ፣ ሣሩ ላይ ተዘረሩ። ሚስተር ኦግደን የምሳ ቀጠሮውን ረስቶ የብረት መጋዝ አመጣና፣ እኔ እግሩን ይዤለት፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ገመዱን ከፕሮፔለሩ ቆርጦ አወጣው። ከዚያ የካፒቴን ቆቡን አውልቆ ለአማቴ ጎንበስ አለ። እሳቸውም ቆቡን ተቀብለው ራሳቸው ላይ ደፉት፤ መስጠቱ መስሏቸው ይሁን ወይም አውቀው፣ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። እሱም ይመልሱልኝ የሚል አፍ አላገኘም።

ሞተሩን አስነሣሁት። «እማማ፣ እርስዎ ይንዱ» አልኳቸው። ከዚያ ሁሉ በኋላ እኔ ዘንጉን መያዝ ነውር መሰለኝ።

«ሞተር ነድቼ አላውቅም።»

«ያው ነው፣ ይቺን እጀታ ወደ ፊት ይግፏት።»

ገፏት፤ እስከ መጨረሻው። ትዕግሥት ዘላ ወጣች። ደዋዮቹ እያጨበጨቡ፣ አማቴ የካፒቴን ቆብ ደፍተው፣ ቀሚሳቸው ወገባቸው ላይ እንደተሸጎጠ፣ ነጭ ፀጉራቸው እየተበተነ፣ ሽቅብ እንደወጣች ወፍ በረሩ። ቦዩ ጥቂት ቀጥ ብሎ ይሄድና ወደ ቀኝ ይታጠፋል። መታጠፊያው ቀረበ።

«እማማ፣ ቀነስ ያድርጉ!»

«ዎ!» አሉ ጀልባዋን። «ዎ! ቁሚ! ቁሚ እንጂ!»

«እማዬ፣ ሞተር ነው! አይሰማሽም!»

«ዱክ ይሰማ ነበር!» ሲሉ ትዕግሥት መታጠፊያውን ትታ ቀጥ ብላ ዳር ላይ ያለው የእሾህ አበባ ውስጥ ጥልቅ አለች። ቅርንጫፍ ተሰበረ፣ ወፎች ተነሡ፤ ያ ሁሉ ነጭ አበባ እንዳለ ላያችን ላይ ረገፈ። ሞተሩን አጥፍቼ ስዞር አማቴ ከራስ እስከ እግር ነጭ ሆነዋል፤ ቆባቸው ላይ አበባ፣ ትከሻቸው ላይ አበባ፣ ዓይናቸው ብቻ ያበራል። ሮዝ ጣሪያው ላይ ተንከባልላ በሳቅ ልትሞት ነው።

«ይኸው» አሉ አማቴ ቅጠል ከአፋቸው እያወጡ፣ «ደርሰናል።»

እሑድ የቀሩትን አምስት የአደርሊ በሮች ወጣን። ያን ቀን ማንም ማንንም አልመታም፤ ነገሩ ትንሽ ደበረኝ ብል አታምኑኝም። እማማ ኬዛያ ስለ ወንድሞቻቸው ሲያወሩ፣ በየድልድዩ የተወለደውን፣ የሰመጠውን፣ ያገባውን ሲቆጥሩ፣ ሮዝ ከእግራቸው ሥር ተቀምጣ በደብተር ትጽፋለች። ከስድስቱ ወንድምና እኅቶቻቸው ሁለቱ በሕይወት ይኖሩ ይሆናል፤ የአንደኛዋ ስም ሄፍዚባ ነው፣ መጨረሻ ሲሰሙ ኤልዝሚር አካባቢ ነበረች። ሮዝ ስሙን ሁለቴ አሰመረችበት።

አሥር ሰዓት ላይ ማርኬት ድሬይተን ገባን። ትዕግሥትን አሰርን፤ ማለቴ እሳቸው አሰሯት። ሻንጣችንን ይዘን ወደ አውቶቡስ ስንሄድ ወደ ኋላ ብንመለከት አማቴ ከኛ ጋር የሉም። ተመለስን። ምድጃውን አያይዘው፣ ድንች እየላጡ አገኘናቸው።

«እማዬ፣ አውቶቡሱ ሊሄድ ነው።»

«ይሂድ። እኔ እዚህ አድራለሁ።»

«ብቻሽን?»

«ለብቻ መተኛት እዚህ ነው የሚያምረው። ቅዳሜ ስትመጡ የሌሊት ልብሴንና ወፍራም ካልሲ አምጡልኝ። ደግሞ ስጋጃ። ይሄ ወለል ይቀዘቅዛል።»

ሮዝ እናቷን ግንባራቸው ላይ ሳመች። አውቶቡስ ውስጥ ወደ እኔ ዞራ፣ «ክሊፍ፣ ቅዳሜ ብንመጣ ጀልባዋ ያለችበት ትኖር ይሆን?» አለችኝ።

ቅዳሜ ስንሄድ በቦታዋ አልነበረችም። የጎረቤት ጀልባ ባለቤት፣ ሻይ እየጠጣ፣ «ሴትዮዋ ማክሰኞ ለታ ወጥተዋል፤ ቲርሊ ላይ ካሉት በሮች በላይ ናቸው አሉ። ሞተሩን ይሰድቡታል፤ ሰው ይሰማቸዋል» አለን። ስጋጃውን ትከሻዬ ላይ ተሸክሜ፣ ሮዝ ካልሲዎቹን ይዛ፣ ቦዩን ተከትለን በእግራችን መሄድ ጀመርን።